ባሕሩ ሳይሆን ዝናቡ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሲያትል ነው። ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት ስናልመው የኖርነው ነገር አለ። ትንሽ ጀልባ ገዝተን በበጋ ልጆቹን ይዘን ወደ ሳን ሁዋን ደሴቶች መውጣት ነው። አሁን አንድ አግኝተናል። እ.ኤ.አ. በ1979 ታይዋን የተሠራ ባለ 34 ጫማ ትሮውለር ነው። ሻጩ 36,000 ዶላር ይላል። ውስጡ በሙሉ በቲክ እንጨት የተለበጠ ነው፤ ቨርኒሹ መስታወት ይመስላል። ባለቤቴ እንዳየችው ወደደችው። ሻጩ «ከግራንድ ባንክስ ጋር አንድ ነው፣ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው» አለኝ። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ደግሞ «የታይዋን ጀልባ እንዳትነካ» ይለኛል። ማንን ልመን? አሠራሩ ጥሩ መሆኑንስ በምን ልወቅ? የመኪና ነገር ትንሽ አውቃለሁ፤ የጀልባ ግን ምንም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡን ሳትከፍል ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ከገዛ በኋላ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ልንገራቸው። ትሮውለር የሚባለው የዓሣ አጥማጅ ጀልባ መልክ ያለው፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ ወጥ ቤትና መኝታ ያለው የመዝናኛ ጀልባ ነው። አይቸኩልም። 7 ኖት ያህል ነው የሚሄደው፣ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ለቤተሰብ ግን ምቹ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሻጩንም የሥራ ባልደረባህንም አትመን። ግራንድ ባንክስ የሚባለውን ታዋቂ ትሮውለር የሠራው አሜሪካን ማሪን የሚባል ድርጅት ነው። መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ፣ በኋላም ሲንጋፖር ነበር የሚሠራው። ታይዋን አይደለም። እስከ 1973 ድረስ የጀልባው ገላ ራሱ እንጨት ነበር። ወደ ፋይበርግላስ የዞረው ከዚያ ወዲህ ነው። መልኩ ስለተወደደ ታይዋን ያሉ ብዙ ጀልባ ሠሪዎች ያንኑ መልክ ይዘው መጡ። መልክና አሠራር ግን ለየቅል ናቸው። ደግሞ ግራንድ ባንክስ ራሱ ቢሆን አሁን ከምነግርህ በሽታ ነፃ አይደለም።

«የታይዋን አትንካ» የሚለውም ፍርደ ገምድል ነው። በ1970ዎቹ ታይዋን ውስጥ ጀልባ የሚሠራው አንድ ፋብሪካ አልነበረም። ትልቅም ትንሽም፣ ጎበዝም ሰነፍም ነበረበት። አሜሪካዊው አስመጪ በፈለገው ዋጋ ያዛል፣ ሠሪው በዚያ ዋጋ ልክ ይሠራል። አንዱ ሠሪ ያወጣው ጀልባ በሁለት በሦስት ስም ይሸጥ ነበር። በተቃራኒው አንዱ የንግድ ስም ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጡ ጀልባዎች ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ ስሙ ላይ አትንጠልጠል። ከጀልባው ኋላ በስተቀኝ ጥጉ ላይ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው የጀልባው መለያ ተቀርጾ ታገኛለህ። አሜሪካ ውስጥ ከኖቬምበር 1972 ጀምሮ የግድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የሠሪውን ወይም የአስመጪውን መለያ ይነግሩሃል። መጨረሻው ላይ ዓመቱ አለ። ሻጩ ከነገረህ ጋር አስተያየው።

እኔ ጀልባ መስማት የጀመርኩት ምጽዋ ነው። ተሳስቼ አይደለም፣ መስማት ነው ያልኩት። ወጣት ሆኜ በባሕር ኃይል ጥገና ክፍል ስሠራ፣ ጠዋት ጠዋት የብረት ጀልባዎቹን ዝገት በመዶሻ እናራግፍ ነበር። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። ዝገት የበላው ብረት ድምፁ ይታፈናል። አለቃችን ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ «እዚያ ጋ መልሰህ ምታ» ይለን ነበር። ሳያይ በድምፁ ብቻ። ሲያትል መጥቼ ጀልባ መጠገኛ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ስሠራ የጠቀመኝ ትልቁ ነገር ያ ጆሮ ነው። እዚህ ብረቱ ፋይበርግላስ ሆነ እንጂ ዘዴው ያው ነው።

የእነዚህ ጀልባዎች የታችኛው ገላ፣ ውሃ ውስጥ የሚቀመጠው ማለቴ ነው፣ ብዙ ጊዜ አስተማማኝ ነው። በዚያ ዘመን ፋይበርግላሱን በወፍራሙ ነው የደረደሩት። የእንጨት ሥራቸውማ አፍ ያስይዛል። የታይዋን አናጢዎች እጅ የሠራውን መሳቢያ ስከፍት ዛሬም እደሰታለሁ። ችግሩ ከውሃው በላይ ያለው ክፍል ነው። ደኩ፣ የቤቱ ግድግዳ፣ መስኮቱ፣ ላይኛው መንጃ። እዚያ ላይ ብዙ ኮምፔንሳቶና ቁርጥራጭ እንጨት አለ። ከላይ ፋይበርግላስ ለብሶ ስለሚታይ ሰው ሁሉ ፋይበርግላስ ይመስለዋል። እንጨቱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ምንም አይልም። ውሃ ካገኘው ግን ማንም ሳያየው ከውስጥ ይበሰብሳል።

ይህን ጀልባ የሚገድለው ባሕሩ አይደለም። ዝናቡ ነው።

ከሁሉም በፊት ደኩን እይ። ደክ የምንለው ከላይ የምንረግጠው ወለል ነው። የአንተ ጀልባ የቲክ ደክ ካለው አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀጫጭን የቲክ ጣውላዎች በፋይበርግላሱ ላይ ተደርድረው በቪቴ ታስረዋል። ቪቴው ፋይበርግላሱን በስቶ ውስጡ ካለው እንጨት ጋር ይያያዛል። በአንድ ጀልባ ላይ ከሺህ በላይ ቪቴ አለ። ከሺህ በላይ ቀዳዳ ማለት ነው። አዲስ ሳለ ሁሉም በማስቲሽ የታሸገ ነበር። 45 ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው፣ ሲታጠብ፣ ሲፈገፈግ ቲኩ ይሳሳል፣ የቪቴውን ራስ የሚሸፍነው ትንሽ የእንጨት ቡሽ ይወልቃል። ከዚያ ዝናቡ ቪቴውን ተከትሎ ይወርዳል። ስትሄድበት ቡሾቹ ወልቀው ብረቱ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ወይም በጣውላዎቹ መሃል ያለው ጥቁር ማስቲሽ ተላቆ ከታየህ፣ ከሥሩ ውሃ አለ ብለህ ተነሳ።

የካቻቢቴ እጀታ ያዝና ተንበርከክ። በየስንዝሩ አንኳኳ። ጤነኛው ቦታ «ቋ» ብሎ ይመልስልሃል። የበሰበሰው «ዱብ» ይላል። የቲክ ደክ ከሆነ ጣውላው ድምፁን ስለሚሸፍነው ጎኑ ያለውን ባዶ ፋይበርግላስም አንኳኳ፤ ከውስጥ ገብተህ ጣሪያውንም ከሥር አንኳኳ። ባለቤትህ አጠገብህ ቆማ ትስማ። ለውጡ ላልለመደ ጆሮ እንኳ ይሰማል። ከዚያ መሃሉ ላይ ቆመህ በእግርህ ጫን በል። ከሥርህ ለስለስ ብሎ ከወረደ በቃ፣ ደኩ ሄዷል።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የዛሬ 14 ዓመት አንድ የአገራችን ሰው ባለ 36 ጫማ ሊገዛ ነውና እይልኝ አለኝ። ነሐሴ ነበር። ሞተሩን ሁለት ሰዓት ሙሉ መረመርኩት። ግሩም ነበር። ደኩን ግን ተራምጄበት ብቻ አለፍኩ። ደረቅ ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ጥሩ ነው አልኩት። ገዛው። እዚህ አገር ነሐሴ ዝናብ ብርቅ ነው፣ ታውቀዋለህ። የእኛን ክረምት ገልብጠህ አስበው። ኅዳር ላይ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አልጋው ላይ ባልዲ አስቀምጬ ነው የማድረው» አለኝ። ደኩን ስንከፍተው ውስጡ ያለው እንጨት በእጅ ይዛቅ ነበር። ጥቁር ጭቃ ነው የሆነው። ያንን ክረምት ቅዳሜና እሑድ አብሬው ሠራሁ። ሳንቲም አልተቀበልኩትም። ያወጣው ገንዘብ ግን ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ በበጋ የታየ ደክ አላምንም። ሻጩ በሐምሌ ካሳየህ፣ የአትክልት ማጠቢያ ጎማ ለግማሽ ሰዓት ይክፈትበት በለው። እምቢ ካለ እሱም አንድ መልስ ነው።

ወደ መስኮቶቹ እለፍ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ በእንጨት ሐዲድ ላይ የሚንሸራተቱ ናቸው። ውሃው ሐዲዱ ላይ ይጠራቀማል። ማውጫ ቀዳዳው በቆሻሻ ሲደፈን ወደ ግድግዳው ይገባል። መጋረጃውን ገልጠህ ከመስኮቱ ሥር ያለውን እንጨት በአውራ ጣትህ ተጫነው። ቡናማ እድፍ፣ ያበጠ ልባጥ፣ ወይም ከሌላው የተለየ አዲስ ቨርኒሽ ካየህ ጠይቅ። ቨርኒሹ እንደ መስታወት ነው ያልከኝን አልወደድኩትም። ያማረ ቨርኒሽ መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ግን ለመሸጥ ሲባል በቅርብ የተቀባ ይሆናል። ውጩ ሲያምር ውስጡን ለቄስ እንዳይሆንብህ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ክፈት፣ ፍራሹን አንሳ፣ ጭንቅላትህን አስገብተህ አሽት። ሻጋታ ቀለም አይደብቀውም።

ይህ ሁሉ ከነዳጁ ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። ይገናኛል። ሰልባትዮዎቹ ብዙ ጊዜ ተራ ጥቁር ብረት ናቸው፤ በሞተሩ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ናፍጣ መሙያው ደግሞ ደኩ ላይ ነው። በመሙያው ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲደርቅ ዝናቡ በቀጥታ ሰልባትዮው ጀርባ ላይ ይንጠባጠባል። እዚያም ይተኛል። ስለዚህ ብረቱ የሚዘገው ከሥር ሳይሆን ከላይ ነው። ሰው ጎኑን በባትሪ ያያል፣ ቀለሙ ንጹሕ ነው፣ ያልፈዋል። አንተ ስልክህን ዘርግተህ የጀርባውን ፎቶ አንሳ። እንደ ቅርፊት የሚነሳ ዝገት ካለ ዋጋው ላይ ብዙ ሺህ ዶላር ቀንስ። ሰልባትዮውን ለማውጣት አንዳንዴ ሞተሩ መነሳት አለበት፣ አንዳንዴ እዚያው ተቆራርጦ ነው የሚወጣው።

ሌላም አለ። ጀልባው የት ኖረ ብለህ ጠይቅ። ሌክ ዩኒየን ወይስ ሺልሾል? ሌክ ዩኒየን የከተማችን ሐይቅ ነው፣ ውሃው ጣፋጭ፤ ሺልሾል ባሕሩ ላይ ነው፣ ውሃው ጨው። ጨው ብረት ይበላል፣ እንጨት ግን ያቆያል። ዝናብ ግን የትም ቢሆን ጣፋጭ ውሃ ነው፤ እንጨት የሚያበሰብሰውም እሱ ነው። ሐይቅ ላይ የኖረ ጀልባ ፕሮፔለሩና ቫልቮቹ ያማሩ ሆነው ደኩ የሞተ ሊሆን ይችላል። ጣሪያ ባለው ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ሥር የኖረ ካገኘህ ግን ዕድለኛ ነህ። ለእኔ ያ ጣሪያ ከሠሪው ስም ይበልጣል።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም፤ አንተም መኪና ታውቃለህ። ብዙዎቹ ላይ ያለው ፎርድ ሌህማን 120 ነው። የእንግሊዝ ፎርድ ናፍጣ ሞተር ነው፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 6.2 ሊትር። ኒው ጀርዚ የነበረው ሌህማን የሚባል ድርጅት ለባሕር አስማምቶ ሸጠው። ኮምፒውተር የለው፣ ቱርቦ የለው። ከተያዘ ዕድሜ ልክ ነው። ስትሄድ መጀመሪያ በእጅህ ንካው። ሞቆ ከጠበቀህ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ተመለስ። ሲቀዘቅዝ ነው የሚታየው እንዴት እንደሚነሳ። ደግሞ ይህን ጠይቀው፦ «የፖምፓውን ዘይት መቼ ቀየርክ?» የዚህ ሞተር የናፍጣ ፖምፓ የራሱ ዘይት አለው። በየ50 ሰዓቱ ይቀየራል። የሚንከባከብ ባለቤት መዝገቡን አውጥቶ ያሳይሃል። «የምን ዘይት?» ካለህ፣ ሌላውንም ነገር እንዴት እንደያዘው ገብቶሃል። የሞተሩንና የካምቢዮውን ዘይት ናሙና ወስደህ ላቦራቶሪ አስመርምር፤ ርካሽ ነው።

ሽቦዎቹንም እይ። አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች ጀልባውን በሙሉ በአንድ ቀለም ሽቦ ነው የዘረጉት። የትኛው የየት እንደሆነ ማንም አያውቅም። በዚያ ላይ 45 ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ቀጥሎበታል። ጀልባ ላይ እሳት ማለት መሸሻ የሌለው ነገር ስለሆነ ይህን በዋዛ አትለፈው።

ይህን ሁሉ አይተህ ልብህ ካልከዳህ ሰርቬየር፣ ማለትም ጀልባ የሚመረምር ባለሙያ፣ ቅጠር። ሳምስ ወይም ናምስ የሚባሉት የሰርቬየሮች ማኅበራት አባል ይሁን። ሻጩ ወይም ደላላው የጠቆመህን ሳይሆን ራስህ የመረጥከውን። ሂሳቡን አንተ ትከፍላለህ፣ ሥራውም ለአንተ ነው። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ይታይ። ለሞተሩ ሌላ መካኒክ ጥራ፤ ብዙ ሰርቬየሮች ሞተር አይከፍቱም። ኢንሹራንስም ለእንዲህ ያለ አሮጌ ጀልባ ሪፖርቱን ይጠይቅሃል። ስምምነቱ ላይ «በምርመራው ውጤት የሚወሰን» የሚል ይጻፍ፣ ቀብድህ እንዲመለስ።

አሁን ቁርጡን ልንገርህ። ደኩ ጤነኛ ከሆነ፣ መስኮቶቹ ካላፈሰሱ፣ የሰልባትዮው ጀርባ ንጹሕ ከሆነ፣ 36,000 ዶላር መጥፎ ዋጋ አይደለም። የቀድሞ ባለቤት የቲኩን ጣውላ አንስቶ፣ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ በፋይበርግላስ ሸፍኖት ከሆነ ደግሞ ቲኩ የለም ብለህ አትዘን። ለእኔ የሚበልጠው ያ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ከወደቁ ግን በነፃም ቢሰጡህ አትውሰድ። ባለቤትህ ትቀየም ይሆናል። ይዘሃት ሂድና ራሷ ታንኳኳው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከቨርጂኒያ ነው የምጽፍልዎ። ባለቤቴ ታይዋን የተሠራ የ1982 ጀልባ ሊገዛ ነው። ከውሃ ሲወጣ አብሬው ነበርኩ። ሆዱ ላይ ኩፍኝ የመሰለ ነገር አየሁ። ሰርቬየሩ «ብሊስተር ነው» ብሎ አለፈው። ባለቤቴም «ቀላል ነው» ይላል። እኔ ግን ልጆቼን ይዤ መውጣት ፈራሁ። ፋይበርግላስ ይበሰብሳል ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆች ይዞ ለሚወጣ ሰው መፍራት ተገቢ ነው። በዚህኛው ግን ባለቤትሽ ብዙም አልተሳሳተም።

ፋይበርግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም። ግን ለዓመታት ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይመጥጣል። ውሃው ከውስጡ ኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ ላይኛውን ሽፋን ይገፋዋል፣ ያብጣል። አንዱን ሲያፈነዱት እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣል። የዚያ ዘመን ጀልባዎች ላይ የተለመደ ነው። በሥራ ዘመኔ በብሊስተር ምክንያት የሰመጠ ጀልባ አላየሁም።

የሚለየው ስፋቱና ጥልቀቱ ነው። የሳንቲም ያህል ሆነው እዚህም እዚያም ከሆኑ ተፍቀው፣ በንጹሕ ውሃ ታጥበው፣ በደንብ ደርቀው ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ይሞላሉ። መድረቁ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ የሚያስቸኩል ሠራተኛ አትቅጠሩ። የሰሃን ያህል የሰፋ ካለ፣ ወይም ሲከፈት ከሥሩ ያለው ፋይበርግላስ በንብርብር ከተነሳ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰርቬየሩ ሁለት ሦስቱን ከፍቶ ያሳይሽ። «አለፈው» ያልሽኝ ቅር ብሎኛል። ብዛታቸውንና ስፋታቸውን በሪፖርቱ ላይ መጻፍ ነበረበት።

ፍርሃትሽን ግን ወደ ሌላ ቦታ ላዙረው። ጀልባው ገና ከውሃ እንደወጣ ከሆነ፣ ከሆዱ ውሃ የሚያስገቡትን ቧንቧዎች ቫልቭ አሳዩኝ በይ። በዚያ ዘመን አንዳንዶቹ ላይ የገጠሙት ተራ የቤት ቧንቧ ቫልቭ ነው፣ በክብ እጀታ የሚሽከረከረው። ብዙ ጊዜ ናስ ነው። ጨው ውሃ ውስጡ ያለውን ዚንክ ይበላውና ብረቱ እንደ ብስኩት ይሆናል። በቢላ ጫሪው። ቢጫ ከሆነ እሺ፤ እንደ መዳብ ሮዝ ከሆነ ግን አልቋል፤ አንድ ቀን እጅ ላይ ይሰበራል። እያንዳንዱ ተከፍቶ ይዘጋ። አልንቀሳቀስ ያለ ካለ ይቀየር። በነሐስ የባሕር ቫልቭ ይቀይሩት፣ ጀልባው ወደ ውሃ ከመመለሱ በፊት። ልጆቹን ይዘሽ የምትወጪው ያ ከተሠራ በኋላ ይሁን።